ለሁለት ዓይን የታዘዘ ጠብታ

ከአዲስ አበባ መድኃኒት በስልክ አዝዞ መርሳ ድረስ ማስመጣት ምን እንደሚመስል ያልሞከረው አያውቀውም። እኔ የምሠራው ወልድያ፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ነው። አባቴ የሚኖሩት መርሳ፣ እኔ በተወለድኩበት ቤት፣ ከወንድሜና ከሚስቱ ጋር ነው። የአባቴ የዓይን ጠብታ ደግሞ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። እነዚህን ሦስቱን በየወሩ ማገናኘት የኔ ዕጣ ሆነ። ከቢሮው ሥራ ይልቅ ይኸኛው ያደክመኝ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሕመሙ ግላኮማ ይባላል። ደሴ ላይ የመረመረቻቸው ወጣት ሐኪም በትዕግሥት አስረድታናለች። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ከኋላ ያለውን ነርቭ ይጎዳል፤ አያምም፣ አይቆጠቁጥም፤ ሰውየው ሳያውቀው እይታው ከዳር ከዳር ይበላል። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን ጠብታ ይጠብቀዋል፤ በየማታው፣ በእያንዳንዱ ዓይን አንድ ጠብታ፣ ዕድሜ ልክ። አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው "አልሐምዱሊላህ፣ የሚጠብቅ ከተገኘማ ምን ቀረን" አሉ።

የዚያን ቀን ደሴ የሄድነው ሦስት ሆነን ነበር። ሦስተኛው የአባቴ ጓደኛ፣ መርሳ አስፋልቱ ዳር በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው ልብስ የሚሰፉት ሰውዬ ናቸው። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ፣ አብረው የሚሰግዱ፣ አብረው የሚነታረኩ ሰዎች ናቸው። ልብስ ሰፊውም ያው ግላኮማ ተገኘባቸው፤ ግን ዘግይተው ነበር። ግራ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ የቀራቸው ቀኙ ብቻ ነው። ለእርሳቸው ጠብታውን ሳዑዲ ያለው ልጃቸው በተመላሽ ሰው እጅ ስለሚልክላቸው እኔ የማዝበት መድኃኒት ቤት አላስፈለጋቸውም። ቀናሁባቸው ማለት ይቻላል፤ ከጅዳ መርሳ የሚመጣ ዕቃ ከአዲስ አበባ መርሳ ከሚመጣው ቀድሞ ይደርስ ነበርና።

ጠብታው ወልድያም ደሴም አይገኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "በስልክ ታዝዢያለሽ፣ ይልኩልሻል" ብላ የአዲስ አበባውን መድኃኒት ቤት ቁጥር ሰጠችኝ። ደግ አደርጋለሁ ብላ ነው፤ አልፈርድባትም።

ስልኩን የምታነሳው ልጅ በየጊዜው ትለዋወጣለች። ከእያንዳንዷ ጋር ትውውቁን እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ ማን እንደሆንኩ፣ አባቴ ምን እንደሚያማቸው፣ መርሳ የት እንደሚገኝ። አንዷ መርሳን ስታጣው "ከወልድያ ታልፋለሽ?" አለችኝ። "ወልድያ ሳትደርሺ ነው" አልኳት። "እንግዲያው ወልድያ ብለን እንላከው" አለችና ላከችው። ማዘዣውን በፎቶ ላኪ ይሉኛል፤ እልካለሁ፤ አይነበብም ይሉኛል። የሐኪም ጽሕፈት በፎቶ ቀርቶ በእጅ ተይዞስ መቼ ተነቦ ያውቃል? መስኮት ዳር ወስጄ ደግሜ አነሳዋለሁ። ኔትወርክ ይጠፋል። ሲመለስ ልጅቷ ተቀይራለች።

ከሁሉ የሚከፋው ቅዝቃዜው ነበር። ጠርሙሱ እስኪከፈት ድረስ ሙቀት እንዲነካው አይፈለግም። ስለዚህ በረዶ ከሆነ የላስቲክ ውሃ ጋር አጣብቀው፣ በጋዜጣና በፌስታል ጠቅልለው ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጡታል። አውቶቡሱ ደጋውንም ቆላውንም አቋርጦ፣ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን አልፎ ሙቀት ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ወልድያ መናኸሪያ ቆሜ ስጠብቅ ረዳቱ ወርዶ ጥቅሉን አቀበለኝ። ጠርሙሱ ለብ ብሏል፤ በረዶው የለም። የት ሄደ ብዬ ስጠይቀው "እህቴ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀለጠ። ከቀለጠ በኋላ ምን ይሠራል ብዬ ጠጣሁት" አለኝ። "ቢቀልጥም እኮ ይቀዘቅዝ ነበር" አልኩት በንዴት። "በጣም ይቀዘቅዝ ነበር" ብሎ መሰከረልኝ። ልሳደብ የከፈትኩት አፍ በሳቅ ተዘጋ። የዚያን ወር ጠብታ ጥዬ ሌላ ለማስላክ ግን እንደገና ማን እንደሆንኩ ማስረዳት ነበረብኝ።

አንዳንዴ ሹፌሩ መርሳን ሳያቆም ያልፍና ጥቅሉ ወልድያ ይደርሳል፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን መርሳ ሄጄ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ወልድያ ስጠብቅ ለካ መርሳ አውርደውት ኖሯል። መርሳ ላይ የወረደው ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ ይህንን ለከተማዬ ልመስክርላት። አስፋልቱ ዳር ማንጎና ፓፓያ የምትሸጥ ሴትዮ አለች፤ ረዳቶቹ "የዓይኑ ሰውዬ" ብለው ለእሷ ይጥሉላታል። እሷም ከፍሬዎቹ ሥር፣ ጥላ ውስጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ታቆየዋለች። ወደ ሰፈራችን የሚያልፍ የመጀመሪያው ሰው፣ ባጃጅ ነጂም ይሁን ከግራና ገበያ የሚመለስ ገበሬ፣ ጥቅሉን ተቀብሎ አባቴ እጅ ያደርሳል። ማንም ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ሁሉም ያውቃልና። አባቴ ግን መንገዱን ሁሉ ተስፋ ቆርጠውበት "እዚህ ቅርባችን ሐራ ድረስ ባቡሩ ሲጀምር ጠብታዬም በባቡር ይመጣል ኢንሻ አላህ" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደስ የሚል ነገርም ነበረው። አባቴ ጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ደህና ነዎት ወይ ብዬ እደውል የነበርኩት ሰው፣ በጠብታው ሰበብ በየቀኑ የምደውል ሆንኩ። ደረሰ? ቀዘቀዘ? ተከፈተ? እያልን ስንጀምር የሽንኩርቱ ዋጋ፣ የጎረቤቱ ሠርግ፣ የወንድሜ ሚስት ወጥ ላይ ጨው ማብዛት ይከተላል። አባቴ በስልክ ወሬ እንደዚህ እንደሚያውቁበት በፊት አላውቅም ነበር።

አንድ ወቅት ላይ ጠብታው ከወሩ ቀድሞ ማለቅ ጀመረ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ደውዬ ሌላ ላኩ ስላቸው "ወሩ አልሞላም፤ ከወሩ በፊት አንልክም" አሉኝ።

"አልቋል እኮ" አልኩ።

"በማዘዣው መሠረት ማለቅ የለበትም" አለችኝ የዚያን ቀኗ ልጅ።

"ማዘዣውን ልጠይቀው እንዴ? ጠርሙሱ ባዶ ነው እያልኩሽ።"

"ገብቶኛል እህቴ፤ ግን ሲስተሙ አይቀበለኝም።"

ወደ አባቴ ዞርኩ። "ምን እያደረጉት ነው?" ስላቸው "እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጉንጬ ላይ ይፈሳል" አሉኝ። የወንድሜ ሚስት ታድርግልዎ ስል አሻፈረኝ አሉ፤ ሽማግሌ ሰው በምራት እጅ ዓይኑን አይገልጥም ብለው። ወሩ እስኪሞላ ያለ ጠብታ ቆዩ፤ እኔም ስጋትና ንዴት ሲያንገበግበኝ ከረመ። ቀጥሎ የተላከው ግን ከወር ወር አደረሳቸው። ከዚያ ወዲህም ጎድሎ አያውቅም። "አሁን ዘዴውን አውቄበታለሁ" አሉኝ። ተደሰትኩ፤ የእጃቸው መንቀጥቀጥ የተሻላቸው መሰለኝ።

ደሴ ለቀጠሮ የሄድነው ከዚያ በኋላ፣ ብዙ ወራት አልፎ ነው። ሐኪሟ ቀኙን ለካች፤ በጣም ጥሩ ነው አለች። ግራውን ለካች። ደግማ ለካች። የግራው ግፊት ሽቅብ ወጥቷል፤ እይታውም ከዳር እየጠበበ መጥቷል። "ጠብታውን ይጠቀማሉ?" አለቻቸው። "አንድም ማታ አላቋረጥኩም" አሉ አባቴ። ሲዋሹ አይቻቸው ስለማላውቅ አመንኳቸው። እንደዚያ ከሆነ ጥፋተኛው አንድ ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ መድኃኒት ቤቱ።

ከሐኪም ቤቱ ግቢ ሳልወጣ ደወልኩ። ያላልኩት የለም። ሙቀት የመታው ጠብታ ነው የምትልኩት አልኩ፤ ጊዜው ያለፈበት ነው አልኩ፤ የአባቴን ዓይን አጠፋችሁት አልኩ። እንባዬም መጣ። ልጅቷ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ ቀስ ብላ፣ "ሁለቱም ዓይን ነው የባሰባቸው?" አለችኝ።

"ቀኙ ደህና ነው። ግራው ነው።"

"እህቴ፣ አንድ ጠርሙስ ነው የምልክልሽ። ጠብታው ተበላሽቶ ቢሆን ለሁለቱም ነበር የሚበላሸው። ቀኝና ግራ አይለይም" አለችኝ።

ከዚያ ቀን በፊት በዚያ መድኃኒት ቤት እንደዚህ ያለ አስተዋይ ሰው ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም። ይቅርታ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና አባቴን ሳያቸው፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በተሻለው ዓይናቸው መንገደኛ ያያሉ። ምንም አልጠየቅኳቸውም። አባቴ ለሚጠይቃቸው ሰው የሚፈልጉትን መልስ ነው የሚሰጡት፤ ስለዚህ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

ዓርብ ከሥራ ወጥቼ፣ ሳልደውል፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ወረድኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ቤት ስደርስ መሽቶ ነበር፤ አባቴ የሉም። "ከመግሪብ በኋላ ሁልጊዜ ልብስ ሰፊው ዘንድ ናቸው" አለችኝ የወንድሜ ሚስት። ጠብታውን ሁልጊዜ ከሚያስቀምጡበት ፈለግኩት፤ የለም። ወደ ልብስ ሰፊው ቤት አመራሁ።

በረንዳው ላይ መብራት በርቷል። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናቸው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገዋል። አባቴ በላያቸው ጎንበስ ብለው በአንድ እጃቸው የቀኝ ዓይናቸውን ሽፋን ገለጥ አድርገው፣ በሌላው ጠርሙሱን ይዘው፣ "ቢስሚላህ" ብለው አንዲት ጠብታ ጣሉ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። አንዲትም አልፈሰሰች።

ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን ጨፍነው የእግሬን ኮቴ ሰምተው "ማነው?" አሉ። እኔ እንደሆንኩ ሲያውቁ ደስ አላቸው። "ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ። አባትሽ እኮ ሐኪሜ ሆኗል። ያን ሳዑዲ ያለውን ልጄን ከቦታ ቦታ ሲያሳድዱት ጠብታው ከተቋረጠብኝ ቆየ። የአባትሽ ትርፍ ባይኖር ይኼኔ በሰው እጅ ነበር የምመራው።"

"ትርፍ?" አልኩ።

"ለሁለት ዓይኑ አድርጎ፣ ጠርሙሱ ሥር የሚተርፈውን ነዋ። ከሚደርቅ ብሎ ያመጣልኛል። ትርፍ ባይሆንማ እጄን አልዘረጋም ነበር።"

አባቴ ክዳኑን ሲያጠብቁ ወደ እኔ አላዩም። "አንተ አድርገሃል አይደል?" አሏቸው ልብስ ሰፊው። "ሁለቱንም ቤት አድርጌ ነው የመጣሁት" አሉ አባቴ። ሁለቱንም ሲያደርጉ ኖረው ቢሆን የግራው ግፊት ሽቅብ አይወጣም ነበር። ነገሩ ሁሉ ያኔ ተገለጠልኝ። ጠብታው ከወሩ ቀድሞ ያልቅ የነበረው ለሦስት ዓይን ስለዋለ ነው። መድኃኒት ቤቱ አልልክም ሲል አባቴ ያወቁበት ዘዴ ደግሞ አንዱን ዓይን ከቁጥር ማውጣት ነበር፤ የራሳቸውን ግራ ዓይን።

ወደ ቤት ስንሄድ እጃቸውን ያዝኩ። ልቆጣ ነበር የያዝኩት።

"ግራዎትስ?" አልኳቸው።

"ምን ግራ?"

"አባዬ።"

"ሐኪሟ ለሁለት ዓይን ነው ያዘዘችው" አሉ። "ሁለት ዓይን ላይ ነው የዋለው። ምን አጠፋሁ?"

"የርስዎ ሁለት ዓይን ነው ያለችው።"

"እሱ የቀረው አንድ ነው። እኔ ሁለት አለኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?"

"እሱ ለምግብ ነው" አልኩ። "ለጠብታ የተባለ አይደለም።" እያለቀስኩ ነበር። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው፤ ሌላ ጠርሙስ አስልክ ነበር። እሳቸው ግን ሁሉንም አስበውበት ነበር። መድኃኒት ቤቱ በሕመምተኛው ስም የወጣ ማዘዣ ይላል፤ አዲስ ማዘዣ ለማውጣት ደሴ መሄድ ያስፈልጋል፤ ጓደኛቸው ደግሞ የጓደኛዬን ልጅ አላስቸግርም ብሎ አይሄድም። ትርፍ ነው ካልተባለ አይቀበልም። ካወቀ ሁለተኛ ጠብታ የሚባል አይነካም። ሥራውን ይተዋል፤ እንደታወረ ቤቱ ይቀመጣል።

"እንዳትነግሪው" አሉኝ። "ወላሂ፣ ከነገርሽው አንቺም እኔም አጣነው።"

ያን ማታ በጣም ተናድጄባቸው ነበር፤ እንደዚያ ወድጃቸውም አላውቅም። ቤት ስንደርስ ግራ ዓይናቸውን ራሴ ገልጬ ጣልኩላቸው። አሻፈረኝ አላሉም፤ ምራት አይደለሁማ።

ልብስ ሰፊውን ደሴ ለመውሰድ ዘዴ ያስፈልግ ነበር፤ ከአባቴ የተማርኩትን ተጠቀምኩ። "አባዬ ቀጠሮ አለባቸው፤ እኔ አንዱን ወረቀት ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው የለም፤ እባክዎ ይከተሉን" አልኳቸው። ለጓደኛቸው ከሆነ እሺ አሉ። እግረ መንገድዎን እርስዎም ይታዩ ስላቸው አጉረመረሙ፤ ቢሆንም ወንበሩ ላይ ተቀመጡላት።

ሐኪሟ ቀኝ ዓይናቸውን አይታ ፊቷ በራ። "በጣም ጎበዝ ነዎት" አለቻቸው። "ከዚህ በፊት ካየሁት ምንም አልጎደለም። ጠብታዎን በሥርዓት ስለተጠቀሙ ነው።" በራሳቸው ስም ማዘዣ ጻፈችላቸው። ከዚያ አባቴን አየች። የግራው እይታ እዚህም እዚያም ጠፍቷል፤ የቀረው መሐል ላይ ጥቂት ነው፤ ያንን እንጠብቃለን፤ የሄደው ግን ሄዷል አለች። ይህን ስትል ልብስ ሰፊው አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሦስታችንም የኋላ ወንበር ላይ ነበርን፤ አባቴ መሐል፣ እኔ በቀኛቸው፣ ልብስ ሰፊው በግራቸው። ውጫሌ ላይ ሰው ወርዶ መኪናው ሲረግብ ልብስ ሰፊው ጀመሩ።

"ተቀይሜሃለሁ" አሏቸው አባቴን። "ይቺ ልጅ ከአዲስ አበባ ድረስ ከረዳቱም ከሹፌሩም እየተጣላች ታስመጣልሃለች። አንተ ሙሉውን ጠርሙስ ይዘህ ዓይንህን ታጠፋለህ። እኔን እየኝ። በትርፍራፊህ፣ በጠርሙስ ጥራጊህ፣ ይኸው ጎበዝ ተባልኩ። ያልሰነፈ ሰው እንዲህ ነው።"

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። "እውነትህን ነው" አሉ። "ሰነፍኩ።"

"ስንፍና ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።"

"ሌላ ምንም አይደለም።"

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "አንቺስ ምን ዝም ትይዋለሽ? ተቆጪው እንጂ።"

አባቴ ከጎኔ ሆነው ክንዴን በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። ሁለቱም እየጠበቁኝ ነበር።

"አባዬ" አልኩ፣ "ሁለተኛ እንዳይሰንፉ።"

"እሺ ልጄ" አሉ። ከዚያ በግራቸው የተቀመጡትን ጓደኛቸውን በቀኝ ዓይናቸው ለማየት አንገታቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ አዞሩና ፈገግ አሉላቸው።